ከወፍጮ ቤት የወጣው ሐኪም

ባለ ወፍጮው ጋሽ ዱቄት የወፍጮው ንዝረት ከግድግዳ ላይ የጣለውን ፎቶግራፍ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ መስተዋቱን ሊያስቀይሩ ወደ ፍሬም ሠሪው ሱቅ ገቡ። ሰፈሩ ጋሽ ዱቄት የሚላቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከራስ ጠጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነው ሲገቡ ሲወጡ ስላያቸው ነው። ሚስታቸው እንኳ ስትቆጣ በዚሁ ስም ትጠራቸዋለች። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱም ገና ረፋድ ነበር። ፍሬም ሠሪው አንድ ትልቅ መስተዋት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ይቆርጥ ስለ ነበር፣ ቀና ሳይል፣ እባክዎ አረፍ ብለው ይጠብቁኝ አላቸው።

አግዳሚው ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ቀድማቸው ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ካርታ አለ። ጋሽ ዱቄት ከአጠገቧ አረፍ ብለው፣ ስባሪው ፎቶግራፉን ቧጭሮት እንደሆነ ለማየት ጋዜጣውን ፈታ አደረጉ። ሴትየዋም ዐይኗን ጣል አደረገች፤ ጣል አድርጋም አልቀረች፣ ብድግ አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አለች። «ይህን ፎቶ ከየት አገኙት?»

«ከቤቴ ነዋ፣ ልጄ። የአያቴ ታናሽ ወንድም እኮ ነው።»

ፎቶግራፉ ላይ ያለው ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ክብ መነጽር ያደረገ ከሲታ ሰው ነው። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረ የደረት ሐኪም ሲሆን፣ በትልቁ ሆስፒታል መግቢያ ላይ ሐውልቱ ቆሞለታል። ሴትየዋ በሕክምና ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንደምትሠራ፣ የሚስቱ ዘመዶች ቤት ሲያጸዱ አግኝተው የሰጡትን ሦስት ሣጥን ወረቀት ስታገላብጥ ስምንት ወር እንደሞላት፣ የሥጋ ዘመዱን ፍሬም ቤት አግዳሚ ላይ አገኛለሁ ብላ በሕልሟም እንዳላሰበች ነገረቻቸው። ጋሽ ዱቄት ደስታቸው ፊታቸው ላይ ተዘረጋ። ስለ ዘመዳቸው ለመናገር ሰው እስኪጠይቃቸው የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም፤ ሲጠየቁማ ማን ይመልሳቸው።

ያ ሐኪም በሳቸው ወፍጮ ቤት፣ በዚያው ጣሪያ ሥር ማደጉን ነገሯት። አያታቸው ኃይለኛ ሰው እንደ ነበሩ፣ ታናሽ ወንድማቸውን አለንጋ ይዘው ጆንያ እያሸከሙ እንዳሳደጉት አወሩላት። በተሸለመ ቀን የተናገረውን፣ ከፎቶግራፉ ግርጌ የታተመውንም ቃል፣ እንደ ጸሎት ሳይሳሳቱ አነበነቡላት፦ «ሰው ያደረገኝ ወፍጮው ነው። አቧራውን ባልበላ፣ ጆንያውን ባልሸከም፣ ዛሬ በፊታችሁ ባልቆምኩ።»

ሴትየዋ ይህን ቃል ስትሰማ ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። ጋሽ ዱቄት አድናቆት መስሏቸው ቀጠሉ።

«ልጄንም በዚሁ መንገድ ይዣታለሁ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ወፍጮው ላይ አቆምኳት።»

«ትምህርቱ አልገባት ብሎ ነው?»

«ኧረ፣ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች እንጂ። ደደብ ብትሆንማ እዚያው እተዋት ነበር።»

ካርታው ከሴትየዋ ጭን ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እሷም አላነሳችውም። መስተዋት ቆራጩ ሳይቀር እጁን አቁሞ ዞር ብሎ አያቸው። ጋሽ ዱቄት ብቻ አንዳች ነውር የተናገሩ አልመሰላቸውም። ረጋ ብለው አስረዱ። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቿ መካከለኛ ልጆች ስለሆኑ እየተማሩ ነው፤ መካከለኛ ሰው ትምህርት ይበቃዋል። እሷ ግን የተለየ አእምሮ ስላላት አምስት ዓመት በችግር መገራት አለባት፤ ከዚያ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ሁሉንም ጥላ ታልፋለች። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ፍቅር እንጂ ጭካኔ አልነበረም። ነገሩን የሚያስደነግጥ ያደረገውም ይኸው ነው። ልጁን የሚጠላ አባት ቢያንስ ጎረቤት ይገሥጸዋል፤ በፍቅር የሚያጠፋን ግን ማን ተው ይለዋል?

ሴትየዋ ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ፣ ቅር እንዳይላቸው ከለመነች በኋላ ይህን ሐሳብ ከየት እንዳገኙት ጠየቀቻቸው። ጋሽ ዱቄትም ከቤተሰባቸው ታሪክ ሌላ ምስክር አላጡም። ወፍጮ ቤቱ በሰው እስኪሞላ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት የሚተርክ ዝግጅት አያመልጣቸውም። ዛሬ በየቤቱ ለሚበራው መብራት መንገድ የከፈተው ሰው የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ በረኃብ ያደገ ነው። ለዐይነ ስውራን በጣት የሚነበብ ፊደል የሠራላቸውም የኮርቻ ሰፊ ልጅ ነው፤ በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ዐይኑን ወጋ፣ ቆይቶ ሁለቱም ጠፉ።

«እንግዲህ ያ ወስፌ ባይወጋው ኖሮ» አሉ ጋሽ ዱቄት፣ «ኮርቻ ሲሰፋ ኖሮ ኮርቻ ሲሰፋ ይሞት ነበር። ማን ያውቀው ነበር?»

«ጋሼ፣ ታሪኩን እስከ መሀሉ ብቻ ነው የሰሙት» አለች ሴትየዋ። «ወስፌው ዐይኑን ወሰደበት እንጂ ምንም አልሰጠውም። የሰጠው አባቱ ነው። እንጨት ላይ ምስማር እየመታ የፊደሉን ቅርጽ በጣቱ አስዳስሶ አስተማረው ይባላል። ዐሥር ዓመት ሲሆነውም ወደ ዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላከው። ያ አባት ጨለማው ይግራው ብሎ ሥራ ቤቱ ጥግ ቢተወው ኖሮ ያ ፊደል ከየት ይመጣ ነበር?»

«የብረት ቀጥቃጩስ ልጅ?»

«እሱም መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ፤ ጌትየው የሚጠርዘውን መጽሐፍ እንዲያነብ ፈቀደለት። በዚያ ከተማ በረኃብ ያደገ ልጅ እሱ ብቻ ነበር? መጽሐፉን አንብብ የተባለው ነው የተለየው።»

«ሁሉም ግን ከሥራ ቤት ነው የወጡት።»

«አዎ፣ ወጡ። 'ወጡ' የሚለውን ቃል ይስሙልኝ እንጂ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ዱቄት ፈገግ አሉ፤ አነጋገሯ አምሯቸዋል፣ ሐሳቧ ግን አልገባቸውም። እሷም ሥራ መማር ልጅን አይጎዳም፣ ያሳድገዋል እንጂ ስትል አመነችላቸው። የኮርቻ ሰፊው ልጅ እጁ ብልኅ የሆነው ከአባቱ ሥራ ቤት ነው፤ የጠራዡም ተማሪ ለሙከራው የሚያስፈልገውን በገዛ እጁ መሥራት የቻለው ሥራ ለምዶ ስላደገ ነው። የሥራ ቤቱ ጥበብ ሌላ፣ የሥራ ቤቱ አደጋ ሌላ። እሳቸው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ለልጃቸው ሰጡ። ይህን ሁሉ አዳምጠው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«እሺ፣ ልጄ፤ የተማርሽ ነሽ። ነገር ግን እሱ ራሱ ስለ ራሱ ከተናገረው በላይ አንቺ ታውቂያለሽ?»

ሴትየዋ ወደ መሬት አየች። ልትናገረው የማትፈልገው ነገር እንዳለ ያስታውቅባታል። ካርታዋን አንስታ አቧራውን አራገፈችና ቀስ ብላ፣ ነገ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ብቅ ይበሉ፣ የሚያነቡት ነገር አለ አለቻቸው። ምን እንደሆነ ቢጠይቋት፣ ከእኔ አፍ ሳይሆን ከእሱ እጅ ቢያገኙት ይሻላል ብላ ተሰናበተች።

በማግስቱ ጋሽ ዱቄት ሁለት ጊዜ ታጥበው፣ ንጹሕ ኮት ለብሰው ሄዱ። እንዲያም ሆኖ ክንዳቸውን ያሳረፉበት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ምልክት ቀረ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ። ሴትየዋ ጀርባው የተላጠ ደብተር አምጥታ ፊታቸው ዘረጋችላቸው፤ ሐኪሙ ጡረታ ከወጣ በኋላ የጻፈው ነው። ጽሕፈቱን ወዲያው አወቁት። ለአባታቸው የላከው ደብዳቤ እቤት ስላለ ያን ወደ ግራ የተጋደመ እጅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ወፍጮው ሐኪም አደረገው ይላሉ፤ ይህን ያስወራሁት እኔው ነኝ። በዚያ ወፍጮ ቤት አምስት ልጆች ነበርን። ታላቅ እህታችን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስታስል ስታስል አለቀች። ከእኔ ቀጥሎ የተወለደውን መንኮራኩሩ ክንዱን ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የመጨረሻው አንድ ጠዋት ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጣ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔን የሠራኝ ወፍጮው ከሆነ፣ እነሱንስ ምን አደረጋቸው?»

ጋሽ ዱቄት ቀና አሉ። «አምስት?» አሉ። «ሁለት ናቸው። አያቴና እሱ። ሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

ሴትየዋ ወደ መደርደሪያው ተነሣች። ከቀብር መዝገብ የገለበጠችውን ወረቀት አጠገባቸው አኖረችላቸው፤ እህትየውና ክንዱ የተወሰደው ልጅ ከነዕድሜያቸው ተጽፈዋል። ጋሽ ዱቄት አምሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ በዚያው ጣሪያ ሥር ስለ ኖሩ ሦስት ሰዎች ሰምተው አያውቁም። ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

«እኔን ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባቴ ከኋላ መጋዘን ጆንያ ሳራግፍ የምውል ሲመስለው እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ የእኔን ድርሻ ወንድሜ ሠራልኝ፤ የሁለት ሰው አቧራ የበላው እሱ ነው። አባታችን የነቃብን ቀን የተገረፈውም እሱ ነው። ተምሬ ስመለስ ሸሚዙን አስወልቄ ጆሮዬን ጀርባው ላይ ለጠፍኩ፤ ወንፊት ሲነፋ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሲሞት ሰዉ ብርድ መትቶት ነው አለ፤ ለእናቴ ስል እኔም ብርድ ነው አልኩ። ስለ ደረት የማውቀው ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ጀርባ ነው።»

ጋሽ ዱቄት ጣታቸውን መስመሩ ላይ አቆሙ። አለንጋ ይዘው አሳደጉት የሚሏቸው አያታቸው ራሳቸው ተገራፊው ነበሩ። የጋሽ ዱቄት የራሳቸው አባትም፣ በአምሳ አንድ ዓመታቸው ትንፋሽ አጥሯቸው የሞቱት፣ ብርድ ነው ተብሎ ነው የተቀበሩት።

«አያቴ በብርድ ነው የሞቱት» አሉ፤ ለሴትየዋ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ። «አባቴም በብርድ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «ታዲያ ለምን ዋሸ? ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስቦ ለምን ወፍጮው ነው አለ?»

ሴትየዋ ገጹን ገለጠችላቸው።

«በተሸለምኩ ቀን አባቴ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። አራት ልጆች ያጣን ሽማግሌ ዐይን ዐይኑን እያየሁ እውነቱን መናገር አቃተኝ። ሰው ያደረገኝ ወፍጮው ነው አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አባቴም አለቀሰ። ቃሉ እንደሚያምር ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር፤ ስላማረም አትመው በተኑት። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቃል ስንት አባት ልጁን አቧራ ውስጥ እንዳቆመ አላውቅም። ይቅር በሉኝ።»

 ጋሽ ዱቄት መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት፤ ያንኑ ገጽ ደግመው አነበቡ።

«ስንቱን ባላውቅም አንዱን አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንዱ እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ልታጽናናቸው ሞከረች። አንድም ሰው ያላነበበው ነገር ነው፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ አለቻቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ስለ አቧራ በሽታ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ሳሎናቸው ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የሐኪሞች ነገር ነው ብለው ገልጠውት አያውቁም። በዘመዳቸው ኮርተው የጻፈውን ግን አንድ ቀን አላነበቡም። ይህን በገዛ አፋቸው ተናገሩ።

ወደ ቤት እንዴት እንደደረሱ አያስታውሱም። ወፍጮው እየጮኸ ነው፤ ደጁ ላይ ስድስት ሰው እህሉን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ልጃቸው መረማመጃው ላይ ቆማ የወፍጮው አፍ ውስጥ እህል ታፈሳለች፤ ጠጉሯን በሻሽ አስራለች፣ ቅንድቧና የዐይኗ ሽፋሽፍት ነጭ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አይተዋታል። ያን ቀን ግን የአሮጊት ፊት የለበሰች ልጅ ሆና ታየቻቸው። ሄደው ሞተሩን አጠፉት።

በቀን ብርሃን ያ ወፍጮ ጸጥ ማለቱ ሰዉን አስደነገጠው። ምን ተበላሸ ብለው ጠየቋቸው። ልጅቱ ከመረማመጃው ስትወርድ አባቷ የሚቆጧት መስሏት ምን አጠፋሁ አለች። ጋሽ ዱቄት ወደ ውስጥ ክፍል ወስደዋት፣ ጀርባሽን አዙሪልኝ፣ በደንብ ተንፍሺ አሏት። ጆሯቸውን ትከሻዋ ሥር ለጠፉ።

ሰሙት። ሩቅ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግን እሱው ነው፤ ሰው በቀስታ ወንፊት የሚነፋ ይመስላል። አንድ ጊዜ ደግሚ አሏት። ደገመች። የበሩን መቃን ያዙ።

ሚስታቸው ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። የሆነውን ሲነግሯት እንደሳቸው አልደነገጠችም፤ ይህ ደግሞ እሳቸውን የባሰ አስደነገጣቸው።

«ዓመት ሆነኝ እኮ ስነግርህ» አለች። «ጠዋት ጠዋት ታስላለች ስልህ፣ ብርድ ነው አልከኝ። ዕቃ እያጠበች ደረቷን ስትይዝ አሳየሁህ፣ ብርድ ነው አልከኝ። ከዚያ በኋላ ማንን ልንገር?»

 ልጅቱም እናትና አባቷን ተራ በተራ እያየች፣ በቃ ደህና ነኝ፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው አለች። ደህና ነኝ እሳቸው ያስተማሯት ቃል ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ልጅቱን ከፊትም ከኋላም አዳመጠች፣ ራጅ አስነሳች፣ በቱቦም አስነፋቻት። የሳንባዋ መተንፈሻ ቧንቧዎች በዱቄት ብናኝ ተቆጥተዋል አለች። ከዛሬ ጀምራ ከአቧራው ከወጣች አብዛኛው ይድናል፤ ሦስት ዓመት ቆይታ ብትመጣ ግን ይህን ልላችሁ አልችልም ነበር። ጋሽ ዱቄት ያን «ሦስት ዓመት» ሲሰሙ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ካሰቡት አምስት ዓመት የቀረው ልክ ሦስት ነበር።

ሐኪሟ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ በሽታ የነበረበት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ዱቄት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገሩ፤ የአያታቸውን እህት፣ አያታቸውን፣ አባታቸውን ቆጠሩላት። እሷም ብዕሯን አስቀምጣ፣ አባባ፣ እርስዎም ሸሚዝዎን ያውልቁ አለቻቸው። ታምሜ አላውቅም ብለው ተግደረደሩ። አዳመጠቻቸው፤ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠቻቸው። ከዚያ እንደ ልጃቸው እሳቸውም መድኃኒት እንደሚጀምሩ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ልጅቱ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ለራሷ አላለቀሰችም።

ወፍጮው ዐሥራ ሁለት ቀን ተዘግቶ ሰነበተ። ሰፈሩ የሌለ ነገር አወራ፤ ከስሮ ነው ያለ አለ፣ ሊሸጥ ነው ያለም አለ። ሲከፈት ግን ሌላ ወፍጮ ቤት ነበር። በጀርባው ግድግዳ ሁለት ሰፋፊ መስኮት ተከፍቷል፤ ከወፍጮው አፍ በላይ ብናኙን እየሳበ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ተገጥሟል፤ የሞተሩ ማዞሪያ ቺንጋ በብረት ወንፊት ታጥሯል። በልጅቱ ፋንታ ሁለት ጎልማሶች ተቀጥረዋል፤ አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ደጁን አያልፉም፣ ጋሽ ዱቄትም እንዲሁ።

ይህን ሊያይ የመጣ አንዱ ባለ ዳቦ ቤቱ ጎረቤታቸው ነው። እሱም ሁለት ሴት ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ሊጥ ቤት ያዋላቸው ሰው ሲሆን፣ ለዚህም ድፍረት የሰጠው የጋሽ ዱቄት የራሳቸው ምክር ነበር። ስለዚህ ተቀይሞ ነው የመጣው።

«ትናንት ችግር ይግራቸው ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ ያንተን ወደ ትምህርት ቤት መለስካት አሉ» አላቸው። «እኔን ምን ልታደርገኝ ነው? ልጅቷንስ ሰነፍ ልታደርጋት ነው?»

ጋሽ ዱቄት ወንበር አቀረቡለት። የደብተሩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወቱት፤ ስለ አምስቱ ልጆች ሲደርሱ ጎረቤትየው ሳይታወቀው ቆቡን አወለቀ። ያም ሆኖ በቀላሉ አልተረታም። ዳቦ ቤት እንደ ወፍጮ ቤት አይደለም አለ። ከዚያም፣ እኛስ እንዲሁ አድገን ምን ሆንን አለ።

«እኔም ከሦስት ሳምንት በፊት ምን ሆንኩ እል ነበር» አሉ ጋሽ ዱቄት። «አሁን ጠዋትና ማታ መድኃኒት እወስዳለሁ። ስማኝ፣ ወንድሜ። አንተን ያሳሳትኩህ እኔ ነኝና እኔው ልንገርህ። ልጆችህ ቢማሩ ዳቦ መጋገሩን አይረሱትም፤ እጃቸው ያውቀዋል። እንዲያውም የተማረች ልጅ እርሾው ለምን አንድ ቀን እንደሚነሣ፣ አንድ ቀን እንደሚያኮርፍ ትነግርሃለች፤ አንተ ግን ሃያ ዓመት ስትረግመው ነው የኖርከው። መስኮት ብትከፍት አንተም ሠራተኞችህም ታምማችሁ ከሥራ አትቀሩም። እኔ መስኮቱን ከከፈትኩ ወዲህ እንቅልፌ እንኳ ተለውጧል። ከሁሉ በላይ ግን ልጆችህ ሲያድጉ ስለ አንተ የሚያወሩት እውነት ይሆናል። የእኛ ቤት ሰው ሁሉ ስለ አባቱ ሲዋሽ ነው የኖረው፤ እውነቱ ስለሚያሳፍር።»

ጎረቤትየው ቀና ብሎ የብናኝ ማስወጫውን አየ። ከዚያ የልጆቹ፣ በተለይም የታናሽየዋ፣ ዐይን ሁልጊዜ እንደሚቀላ በለሆሳስ ተናገረና፣ ብርድ ነው እላት ነበር አለ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ባለ ዳቦ ቤቱ በሳምንቱ ሰኞ ልጆቹን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ፤ የሊጥ ቤቱንም በር አስፍቶ መስኮት አወጣለት። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ ያሉት አናጢውና ጥጥ ዳማጩ አንድ በአንድ ተከተሉ። ትዕዛዝ አልመጣባቸውም፤ ጋሽ ዱቄት ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በየደጁ እየቆሙ ያዩትን ይናገሩ ነበርና ነው። ወፍጮ ቤቱም እንደተፈራው አልከሰረም፤ ዱቄቱ ከአየር ላይ ወርዶ ጆንያ ውስጥ መግባት ጀመረ፣ ሠራተኞቹም በየሳምንቱ ታምመው መቅረታቸው ቀረ።

የልጅቱ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተቃናም። ሁለት ዓመት ያመለጠውን ትምህርት ማራገቢያ ስቦ አያመጣውም። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጋሽ ዱቄትን ብዙ አስቆሙዋቸው፤ አንደኛዋን ተማሪዬን ወስደው ምን አደረጓት ብለው ፊት ለፊት ጠየቋቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው፣ አጠፋሁ ከማለት በቀር አልተከራከሩም። ልጅቱ በቁመት ከሚያንሷት ልጆች ጋር ተቀመጠች። በመጀመሪያው ወር ከአባቷ ጋር ብዙም አትነጋገርም ነበር። ስትቆጣ አያዩዋትም፤ ሰላምታ ሰጥታ ማለፍ ብቻ ነው። ጋሽ ዱቄትም ይህ የሚገባቸው መሆኑን ስላመኑ አላስቸገሯትም። በየቀኑ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይሸኟታል፤ አንድም ቀን ስለ ታላላቅ ሰዎች አላወሩላትም።

ዓመቱ ሲያልቅ ሳሏ ጠፍቶ፣ ራጁም ጠርቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮው ቆሞ፣ ቤቱ ተጠርጎና አየር ገብቶት ሲያበቃ፣ ከአባቷ ጋር ሞተር መፍታትና መግጠም ትማራለች፤ ይህን ራሷ ጠይቃ ነው። አንድ ቅዳሜ እጃቸው በግሪስ ጠቁሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ጋሽ ዱቄት የድሮ ምኞታቸው ተመለሰባቸው። ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ደፍረው ጠየቋት።

«እና አሁን ምን ልትሆኚ ነው? ሐኪም?»

ልጅቱ የያዘችውን ቁልፍ አስቀምጣ ጥቂት አሰበች።

«አላውቅም፣ አባዬ» አለች። «ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።»

በዚያ ቤት በአራት ትውልድ ውስጥ እንዲህ ብሎ የመለሰ ልጅ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። ጋሽ ዱቄት መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ መልሱን በልባቸው ደጋገሙት፤ በደጋገሙት ቁጥር እየጣማቸው ሄደ። እሷም የሞተሩን ክዳን አንስታ፣ አባዬ፣ ከዚያ በኩል ያዝልኝ አለቻቸው።